በአርሲ ደጋ ቤትና ሱቅ ለማቋቋም ለሚያስቡ ነጋዴዎች፤ የበቆጂና የመራሮ ኑሮና የንብረት ተስፋ

ከትልልቅ ከተሞች ርቆ፣ አየሩ ንጹሕ በሆነበት ትንሽ መንደር ቤት ሠርቶ፣ አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ በሰላም መኖር የብዙ ነጋዴ ምኞት ነው። የአዲስ አበባ የሱቅ ኪራይ በናረ ቁጥር ይህ ምኞት እየበረታ መሄዱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሩቅ መንደር ለጎብኚው የሚያሳየው መልክና ገንዘቡን በዚያ ለሚያፈስሰው ሰው የሚያሳየው መልክ አንድ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከአሰላ በስተ ደቡብ ያለውን የአርሲ ደጋ፣ በተለይም በቆጂንና መራሮን መነሻ አድርገን፣ በዚያ ስላለው ኑሮና ስለ ንብረት ተስፋ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

መንገዱና አየሩ

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ለአገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ ወደ አርሲ የሚደረገው ጉዞ በእጅጉ ቀሏል። ከአዳማ ተነሥቶ አሰላ ለመድረስ ከ75 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ይኬዳል፤ መንገዱም ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት ወደ ደጋው ብርድ እየወጣ፣ በኢተያና በቁሉምሳ የስንዴ ማሳዎች መካከል ያልፋል። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከዚያ በስተ ደቡብ ሣጉሬን አልፎ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ሰው በቆጂ ይደርሳል። የበቆጂ ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ወደ አሳሳና ዶዶላ በሚወስደው በዚሁ መንገድ ወደፊት የምትገኘው መራሮ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋለች።

እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ብርዱ የኑሮው አዛዥ ነው። በክረምት ዝናቡና ጭቃው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ሰውንም ሰብልንም ይፈትናል። ስለዚህ በአካባቢው የሚከፈት ሱቅ ቆላ ላይ የሚፈለገውን ሸቀጥ ይዞ ቢሄድ አይጠቀምም። ብርድ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ቆርቆሮና ምስማር በዚያ ዘወትር የሚፈለጉ ናቸው። ቡና በዚያ ከፍታ ስለማይበቅል ከውጭ መጥቶ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው፤ ጨውና ስኳርም እንዲሁ። ሕዝቡ የሚሸጠው ደግሞ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ተልባ፣ ድንች፣ ቅቤና በግ ነው። እንግዲህ እዚያ ያለ ባለሱቅ በአንድ እጁ ሻጭ፣ በሌላው እጁ ገዢ ካልሆነ በቀር ትርፉ ግማሽ ይቀርበታል።

ሕዝቡ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሆን፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይኖራል። በመሆኑም የገበያው ሙቀትና ቅዝቃዜ በሁለቱም በዓላትና ጾሞች ይለዋወጣል። ከአረፋና ከፋሲካ በፊት የበግ ዋጋ ይወጣል፤ በዐቢይ ጾም የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል። ቋንቋውን ያልተማረ ነጋዴ ደንበኛ ማፍራት ብቻ ሳይሆን፣ በኦሮምኛ የሚጻፈውን ውልና የመሬት መዝገብ እንኳ በራሱ ዐይን አይቶ ማመን አይችልም።

ተስፋው ከምን ይመነጫል?

የንብረት ዋጋ የሚያድገው ገንዘብ በሚገባበት ስፍራ ነው። በአርሲ ደጋ ገንዘብ የሚያስገባው በመጀመሪያ እህል ነው። የቢራ ገብስ የሚባለው ከበቆጂና ከአካባቢዋ በብዛት ይገኛል። በ1976 ዓ.ም. በአሰላ የብቅል ፋብሪካ ከተቋቋመ ጀምሮ ይህ ገብስ የታወቀ ገዢ አግኝቷል። በ2013 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ሁለት የውጭ አገር ኩባንያዎች በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ የብቅል ፋብሪካዎችን ስለ ከፈቱ፣ ቀድሞ ከውጭ ይመጣ የነበረውን ብቅል በአገር ውስጥ ምርት የመተካቱ ሥራ ተፋጥኗል። ገበሬው በውል እየዘራ ለፋብሪካ በሚያስረክብበት አካባቢ የመጋዘን፣ የጭነት መኪናና የጆንያ ፈላጊ መበርከቱ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ምንጭ ትምህርት ነው። አርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫው አሰላ ሲሆን በበቆጂም ካምፓስ አለው። መምህርና ተማሪ ባለበት ሁሉ የኪራይ ክፍል፣ የምግብ ቤትና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይፈለጋል።

ሦስተኛው ሩጫ ነው። በባርሴሎና በ1984 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በአትላንታ ማራቶን ድል ያደረገችው ፋጡማ ሮባ፣ ከዚያም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የዚህ የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማእከል አለ። የበቆጂን ዝና ሰምቶ የሚመጣ እንግዳም አለ። ሆኖም ይህን ዝና ብቻ ተማምኖ ትልቅ ሆቴል መሥራት ጥንቃቄ የጎደለው ነው። ዕውቅ ሯጮች ያገኙትን ገንዘብ በአብዛኛው የሚያፈስሱት በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች መሆኑ ራሱ ለነጋዴው ምክር ይሆነዋል።

ያለፈው ዘመን ትምህርት

በዚህ አገር መሬት ዋጋ ሲያወጣ ምን እንደሚከተል የአርሲ ሕዝብ ቀድሞ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ በአሰላ ተቋቋመ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬና ጭሰኛውን በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር መርዳት ነበር። ምርቱም አደገ። ነገር ግን እርሻው አትራፊ መሆኑን የተገነዘቡ ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ በየእኩልና በሲሶ ያርሱ የነበሩትን ጭሰኞች ማስወጣት ጀመሩ። ልማቱ የታሰበለት ሰው፣ በእጁ የጸና የይዞታ መብት ስላልነበረው፣ ከልማቱ የተነሣ ቤቱን ለቀቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ባለርስቱም በተራው ርስቱን አጣ። የትርፍ ቤቶችና የከተማ ቦታ አዋጅም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ተከተለ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የመሬት ዋጋ መጨመር ብቻውን ሀብት እንደማይሆን ነው። ሀብት የሚሆነው መብቱ በሕግ የጸናለት ሰው ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑንም ይደነግጋል። በመሆኑም «በመራሮ መሬት ገዛሁ» የሚል ሰው ያልገዛውን ነገር እየተናገረ ነው። ሊገዛ የሚችለው በመሬቱ ላይ የተሠራውን ቤት ነው። በከተማ ክልል ቦታ የሚያዘው በሊዝ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ የመኖሪያ ቤት ዘመንን 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ደግሞ የንግድ ቦታን 70 ዓመት አድርጎ ወስኗል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ግንባታ ሳይጀምር ቦታውን ለማስተላለፍ የሚሻ ሰውም ትርፉ በሕግ የተገደበ ነው። ስለዚህ ቦታን አጥሮ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ለነጋዴ አዋጪ መንገድ አይደለም።

በገጠር ቀበሌ ያለ መሬት ደግሞ የገበሬው የይዞታ መብት ነው። ገበሬው ለልጆቹ ያወርሳል፣ በሕግ በተወሰነ መጠንና ዘመን ያከራያል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅም የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ በር ከፍቶለታል። መሸጥ ግን አይችልም።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የብዙ ዓመት ጥሪቱን ይዞ ወደ ደጋው ሄደ እንበል። ከከተማው ጫፍ ያለ የገብስ ማሳ ያዩለታል፤ ከገበሬው ጋር በሽማግሌ ፊት ወረቀት ይፈራረማል፤ በጥቂት ሳምንታትም በጭቃና በባሕር ዛፍ ሁለት ክፍል ቤት ያቆማል። ሁለትና ሦስት ዓመት ምንም አይሆንም። ከዚያ በኋላ ከተማው ሲሰፋ ቦታው ይለካል፤ ካሣው የሚከፈለው በመዝገብ ላይ ስሙ ለሠፈረው ለገበሬው ነው፤ ቤቱም ያለ ፈቃድ የተሠራ ተብሎ ይፈርሳል። ነጋዴው በእጁ የሚቀረው በሽማግሌ ፊት የተፈረመው ወረቀት ብቻ ሲሆን፣ ፍርድ ቤትም ሕግን የሚቃረን ውል አያጸናለትም። «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ገበሬውም ቢሆን የተቀበለው ገንዘብ አልቆ ማሳውን ካጣ፣ ጉዳቱ የሁለቱም ይሆናል።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይምሰል። በኢንዶኔዥያ ራቅ ባሉ ትንንሽ ደሴቶች ርካሽ ቦታ አገኘን ብለው የሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የአገሪቱ የመሬት ሕግ ሙሉ ባለቤትነትን ለዜጎች ብቻ እንደሰጠና ለእነርሱ የተፈቀደው ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት መሆኑን ይደርሱበታል። በሌላ ሰው ስም የገዙትም ብዙ ጊዜ ለክርክር ይዳረጋሉ። መንደሩ ሲርቅና ዋጋው ሲረክስ ሰነዱን አጥብቆ መመርመር በሁሉም አገር ያው ነው።

ሌሎች አደጋዎች

የአካባቢው ገቢ በእህል ላይ የቆመ እንደመሆኑ የእህል በሽታ የሱቁም በሽታ ነው። በ2003 ዓ.ም. ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ተነሥቶ «ኩብሳ» የተባለውን የስንዴ ዘር ክፉኛ ጎዳው። ገበሬው በምትኩ ቢጫ ዋግን ይቋቋም የነበረውን «ዲገሉ» የተባለውን ዘር ያዘ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ ይህንኑ ዘር በአርሲና በባሌ አጠፋው። እንዲህ ባለ ዓመት በዱቤ የሰጠ ባለሱቅ ገንዘቡን ሳይሰበስብ ይከርማል። በአንጻሩ የፀረ ዋግና የፀረ አረም መድኃኒት፣ የመርጫ መሣሪያና የኮምባይነር መለዋወጫ በወቅቱ የሚያቀርብ አስመጪ ለራሱም ለገበሬውም ይጠቅማል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን እነዚህ ዕቃዎች በብር ሲታሰቡ እጅግ ስለ ተወደዱ፣ ገበሬው መግዛት የሚችለውን መጠን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ የአርሲ ወረዳዎች የጸጥታ መደፍረስ መታየቱንም መደበቅ አይገባም። ዕቃ የሚልክ ነጋዴ የመንገዱን ሁኔታ በየጊዜው ከባለመኪኖችና ከአካባቢው ሰዎች ጠይቆ ይላክ።

ለነጋዴው የምንሰጠው ምክር

1ኛ/ ገንዘብ ከመክፈል አስቀድሞ ቦታው በከተማው ፕላን ውስጥ መሆኑን፣ ሰነዱም የማን መሆኑን ከከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ። የሊዝ ደንቦች ስለሚሻሻሉ በዕለቱ የሚሠራበትን ደንብ በጽሑፍ መጠየቅ።

2ኛ/ ከመሥራት በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ቤት ተከራይቶ መነገድ። ክረምቱንና የመኸሩን ወቅት ያላየ ሰው አገሩን አላወቀውም። ከጥር እስከ ሐምሌ ያለው የዋጋ ልዩነት የመጋዘን ወጪን፣ የብድር ወለድንና የእህሉን የክብደት መቀነስ ሸፍኖ ትርፍ ማስገኘቱን በአንድ ዓመት ሒሳብ መለየት ይቻላል።

3ኛ/ ቤት ሲሠራ አፈሩን መመርመር። መረሬ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ግድግዳ ያናጋል። መሠረቱን በድንጋይ ከፍ ማድረግ፣ የጎርፍ ቦይ ማውጣትና የእህል መጋዘኑን ወለል በሳንቃ ርብራብ ማንሣት ይገባል። የደጋው ብርድ ነቀዝን ያዘገያል፤ እርጥበትን ግን አይከለክልም።

4ኛ/ ዱቤን በአንድ ሰብልና በአንድ ወቅት ላይ ብቻ አለማድረግ። ድንች፣ በግና ቅቤ በየጊዜው ገንዘብ ስለሚያመጡ የሱቁን ሒሳብ ያመጣጥናሉ።

እንግዲህ ከላይ የተዘረዘረውን ስንመዝን፣ በአርሲ ደጋ ነጋዴው ሊተማመንበት የሚገባው የቦታ ዋጋ መውጣት ሳይሆን ሥራው ነው። ገብሱን በጊዜው የሚገዛ፣ ቆርቆሮውን በጊዜው የሚያቀርብ፣ በሕግ በተመዘገበ ቤት ውስጥ የሚነግድ ሰው ቀስ በቀስ ደንበኛም ጎረቤትም ያፈራል። ቦታ አጥሮ የሚቀመጥ ግን ውርጩን ብቻ ይጠግባል። ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ አንባቢያችን ስለዚህ ከመሐንዲሱ በፊት የመሬት መዝገቡን፣ ከመዝገቡም በፊት የአገሩን ሰው ይጠይቅ።