ሁለቱ የአዳማ መንገዶች

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሁለት መንገድ አለ። ነባሩ ቢሾፍቱንና ሞጆን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተመረቀው ፈጣን መንገድ ግን ከተሞቹን በጐን እየተወ ይሄዳል። ሹፌሩ ሲገባ ካርድ ይቀበላል፤ ሲወጣ በተሽከርካሪው ዓይነትና በርቀቱ ልክ ይከፍላል። የተጠቀመ ይክፈል መባሉን እኛም አንነቅፍም። ዳሩ ግን እግረኛ፣ ጋሪና ባጃጅ አይገቡበትም፤ ገበያተኛው ከነአህያው ዛሬም በነባሩ ላይ ከከባድ መኪና ጋራ ይጋፋል።

ታሪፉስ? መሥሪያ ቤቱ በኪሎሜትር ይተምናል። ባለታክሲው ባዶውን የሚመለስበትን ጉዞ ግን ማንም አይተምንለትም፤ ስለዚህ ሲመሽ መስመሩን ከመካከል ይቆርጠዋል፣ ተሳፋሪውም ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። (ይህንን የኛም ኪስ ያውቀዋል።) የሚመለከታቸውን የምንጠይቀው፣ ስምሪት ሲደለደል የማታው ተሳፋሪ አስቀድሞ እንዲቆጠር ነው።