ለምስጥ የማይመች እንጨት ለጫጩት ይመቻልን?

ጮሌን በመሰለ የአርሲ ደጋ ጫጩት ማሳደግ ከብርድ ጋር መታገል ነው። ጫጩቶች ተፈልፍለው ብዙም ሳይቆዩ ሲያልቁ «ፈንግል ገባ» ማለት የተለመደ ነው። ፈንግል በክትባት የሚከላከሉት ብርቱ የቫይረስ በሽታ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ጉዳቱ ሁሉ በበሽታ አይመጣም፤ ቤቱ የተሠራበትና ወለሉ የተጎዘጎዘበት ነገርም ሊገድል ይችላል። ጫጩት ቀንና ሌሊት የምትተነፍሰው ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለውን አየር ነውና።

የጽድ ጠረን

የሐበሻ ጽድ ለአጥርና ለቤት ምሰሶ የሚመረጠው ምስጥ ስለማይደፍረው ነው። ምስጥን የሚያርቁት በእንጨቱ ውስጥ ያሉ፣ እንደ ሴድሮል ያሉ ተናኝ ቅባቶች ናቸው። ደስ የሚለው ጠረንም ከእነዚሁ የሚመነጭ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ኤሊየት ቬሴል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እንዳሳዩት፣ በቀይ ሴዳር ፍቅፋቂ ላይ የተቀመጡ አይጦች ጉበት መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ከወትሮው አብዝቶ ያመነጫል፤ በዚህም ምክንያት የእንቅልፍ መድኃኒት ሲሰጣቸው ቶሎ ይነቃሉ። ቀይ ሴዳር ከሐበሻ ጽድ ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ ዛፍ ነው። ሙከራው በጫጩት ላይ ባይደረግም፣ የጽድ ፍቅፋቂን በጠባብና በሞቀ ሣጥን ውስጥ አለመጎዝጎዝ ጥንቃቄ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ግን በብዛት የሚገኘው በቅጠሉ በመሆኑ፣ በደንብ የደረቀ የግንዱ ፍቅፋቂ ይሻላል። ሰጋቱራ አቧራው ሳንባ ስለሚያውክ፣ ጫጩቶችም እንደ መኖ ስለሚለቅሙት አይመረጥም።

ገለባና ሻጋታ

የስንዴና የገብስ ገለባ በአርሲ እንደ ልብ ይገኛል። ይሁን እንጂ ዝናብ የነካው ገለባ አስፐርጂለስ የተባለውን ሻጋታ ያበቅላል፤ ዘሩም በትንፋሽ ገብቶ የጫጩቷን ሳንባ ያቆስላል። ስለዚህ ገለባው የደረቀ፣ ሽታ የሌለውና አጠር ተደርጎ የተከተፈ ይሁን። ውፍረቱም ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጋዜጣ ብቻውን ሲነጠፍ ስለሚያንሸራትት የጫጩቶችን እግር ያንሻፍፋል።

ብርድን ሲሸሹ

በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ትሻለች። ብርዱን ለመከላከል ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ግን ሌላ አደጋ ያስከትላል። በኩስ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ጉዝጓዙ ሲረጥብ በባክቴሪያ አማካይነት ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያም ዓይንንና የመተንፈሻ ቧንቧን ይጎዳል። ይህ ጋዝ ከአየር የቀለለ ስለሆነ መውጫው ከግድግዳው በላይኛው ክፍል ይተውለት፤ ነፋሱም ጫጩቶቹን በቀጥታ አያገኛቸውም። በከሰል ለሚያሞቁ ሰዎች ይህ ቀዳዳ በይበልጥ ያስፈልጋል፤ የከሰል ጢስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውንም ጫጩትንም ይገድላል።

ቀለምና ሽቦ

ዶሮ ያየችውን ትለቅማለች። የተፋፋቀ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ የአዲስ ሽቦ ቁርጥራጭም የዚንክ ልባጥ አለው። ሁለቱም ሲዋጡ መርዝ ናቸው። እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተነከረ የመብራት ምሰሶ አርሴኒክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ፍቅፋቂው ለጉዝጓዝ አይውልም።

ቁሳቁስ ሲመረጥ «ይበረክታልን?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ምን ይተናል? ምን ይለቀማል? ሲረጥብስ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ያሻል። ከዚያም በየማለዳው በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ጎንበስ ብሎ ማሽተት ነው። ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ፣ ጉዝጓዙ መለወጥ የነበረበት ቀደም ብሎ ነው።