ኮርቻና እርካብ በቆሰበር

ጥር 23 ቀን ቆሰበር በፈረስ ትሞላለች። በዛሬ ስሟ እንጅባራ የምትባለው የአዊ ዞን ዋና ከተማ በዚህ ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን ዓመታዊ በዓል ታስተናግዳለች። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሀገር በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች ነው፤ ፈረስ በዓድዋ የዋለው ውለታ እንዲታሰብ። ስለ ፈረስ ጨዋታዎቹ፣ ስለ ጉግሱና ስለ ሽርጡ፣ ብዙ ተነግሯል። እኔ የማስተዋውቃችሁ በፈረሱና በጋላቢው መካከል ያለውን ዕቃ ነው።

ኮርቻ ላዩ ቆዳ ቢሆንም ውስጡ እንጨት ነው። ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ ይተኛሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል። ስለዚህ የጋላቢው ክብደት በጎንና በጎኑ ሥጋ ላይ ያርፋል እንጂ አከርካሪውን አይጫነውም። ከፊትና ከኋላ ቀና ያሉ እንጨቶች ይገጠሙና ሁሉም በጥሬ ቆዳ ጠፍር ይታሰራል። ጠፍሩ የሚጠመጠመው እርጥብ ሳለ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተርና መጋጠሚያውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ምስማር ቢሆን እንጨቱን ይሰነጥቀው፣ ግልቢያ ሲበዛበትም ይላላ ነበር። ከላይ የለፋ ቆዳ ይለብሳል፤ ለባለጸጋ ደግሞ ቀዩ ባሕር ዐረብ። ጌጦቹ፣ ግላሱና መርገፉ፣ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓይን ግን ቀድሞ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

የኋላው ከፍታ ለጌጥ የቆመ አይደለም። በጉግስ ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ የሚወረወርበትን ዘንግ በጋሻ ሲመክት ወገቡን የሚደግፈው እሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ እርካቡ ነው። የቀድሞው የደጋ ፈረሰኛ እርካብ ሙሉ እግር አያስገባም፤ በባዶ እግር የሚጋልበው ሰው አውራ ጣቱን የሚያስገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ሲያዩት ያሳስታል፤ ነገር ግን ጋላቢው ከኮርቻው ብድግ ብሎ ጦር እንዲወረውር ያስችለዋል፣ ፈረሱ ቢወድቅም እግሩ ተጠላልፎ አይቀርም። የጣት እርካብ በጥንታዊት ህንድም እንደነበረ ቅርጻ ቅርጾች ያመለክታሉ። በቻይና በ302 እ.ኤ.አ. ከተሠራ መቃብር በወጡ የሸክላ ምስሎች ላይ በአንድ ጎን ብቻ የተንጠለጠለ መወጣጫ እርካብ ይታያል፤ ጥንዱ እርካብ የሚታየው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ በ322 በተሠራ ሌላ መቃብር ውስጥ ነው። ጫማ ለሚያደርግ ጋላቢ የጣት ቀለበት አይሆነውም፤ ለዚህም ነው ሰፊው እርካብ ቦታውን የወሰደው።

ይህን ሁሉ የሠሩት እጆች ግን ክብር አላገኙም። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ እርካብና ልጓም የሚሠራው ቀጥቃጭ እየተባለ በየመንደሩ ተንቋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ንጉሡ ራሳቸው በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው ተብለው ሲጠሩ ኖረዋል፤ ኮርቻውን ማን እንደ ሠራው የጠየቅን ግን ስንቶቻችን ነን?

የዕደ ጥበቡ ታሪክ ያለው በሠሪዎቹ ቃል ነው፤ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። የማኅበሩ አባላትና የባህል ባለሙያዎች የፈረሱን ያህል የኮርቻ ሠሪውንም ስም መዝግቡ። እናንተም ጥር 23 ቆሰበር ከተገኛችሁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ኮርቻውን ማን እንደ ሠራው ጋላቢውን ጠይቁት።