አሞክሲሲሊን

አሞክሲሲሊን ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ ጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። በእንግሊዝ አገር የቢቻም ኩባንያ ተመራማሪዎች ሠርተውት በ1972 እ.ኤ.አ. ለሕክምና ዋለ። ሞለኪውሉ 16 የካርቦን፣ 19 የሃይድሮጅን፣ 3 የናይትሮጅን፣ 5 የኦክስጅንና 1 የሰልፈር አቶሞች አሉት። ከታላቁ ከአምፒሲሊን የሚለየው በአንድ ኦክስጅን ብቻ ነው፤ ሆኖም በአፍ ሲወሰድ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው መጠን ከአምፒሲሊን ይበልጣል።

የመድኃኒቱ ኃይል ያለው ቤታ-ላክታም በተባለው ባለ አራት አቶም ቀለበት ላይ ነው። ባክቴሪያዎች የህዋሳቸውን ግድግዳ የሚገነቡባቸውን ኢንዛይሞች ይህ ቀለበት ተጣብቆ ሥራ ያስቆማቸዋል። ግድግዳው ሲዳከም ውኃ ወደ ውስጥ ይገባና ባክቴሪያው ይፈነዳል። የሰው ህዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። የጉንፋን ቫይረሶችም የላቸውም፤ ስለዚህ ለጉንፋን ብሎ አሞክሲሲሊን መዋጥ ጥቅም የለውም።

ቀለበቱ ግን ተሰባሪ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቤታ-ላክታሜዝ በሚባል ኢንዛይም ይቆርጡታል፤ ይህን ኢንዛይም ለማገድ ክላቩላኒክ አሲድ ተቀላቅሎ ይሰጣል። ውኃም ቢሆን ቀስ በቀስ ይሰብረዋል። የልጆች ሽሮፕ በደረቅ ዱቄት መልክ የሚሸጠው፣ ከተበጠበጠ በኋላም እንደ አሠራሩ በ7 ወይም በ14 ቀን የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ካለፈው ሕመም የተረፈው ጠርሙስ ለሚቀጥለው አይሆንም።