ሰው ሞልቶ ሠራተኛ ሲጠፋ
ሙቀት፣ ጉልበትና የምግብ ዋጋ በጣና ዙሪያ

ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚገባ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሩዝ ከተማዋን የሚረግጠው በዓባይ ማዶ በኩል ነው። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ለጭነቱ መንገድ ሰጥቶታል። ዋጋውን የሚተምነው ግን ድልድዩ አይደለም። ዋጋው ከዚያ በፊት፣ ሰብሉ በደረሰበት ሳምንት አጫጅ ተገኘ ወይስ ታጣ በሚለው ተወስኖ ያለቀ ነው።

ሙቀት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የነደደ ማሳ ነው። ጣና ዳር ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ ቀኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚውለው፤ ፎገራ ላይ ሩዝ አብቃዩን ሲያስቸግር የኖረው እንዲያውም ብርዱ ነው። እዚህ ሙቀቱ የሚመጣው በውሃ በኩል ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ሲሆን፣ በሞቃቶቹ ወራት መሬቱ ቶሎ ስለሚደርቅ ሁሉም ተራው እንዲፈጥንለት ይፈልጋል፤ ከቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ደግሞ የተረፈውን ይጠብቃል። ቲማቲምም ሌሊቱ አልቀዘቅዝ ሲል አበባውን ያረግፋል።

እውነተኛው ሙቀት ያለው ቆላ ነው። መተማና ቋራ ሲወረድ ከፍታው 700 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ቢያልፍ ማንም አይደነቅም። ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደርና ከወሎ ደጋ የሚነሣው ወጣት ሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያ ይወርዳል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ቋቱ ከደረቀ አፉን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ ስለዚህ ባለማሳው በዚያች አጭር ጊዜ የተጠየቀውን የቀን ዋጋ ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለውም። ሠራተኛው ግን ፀሐይ ሳትከር ጀምሮ ቀትር ላይ ጥላ ካልያዘ ቀኑን አይዘልቀውም። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር አንድ ሰው በቀን የሚያጭደው ይቀንሳል፤ ያው ማሳ ብዙ ሰው ይጠይቃል ማለት ነው። የጤናው ነገርም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የተከሠተው የካላዛር ወረርሽኝ ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች በኩል ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል።

ሰሊጥ የሚሸጠው ለውጭ ገበያ ነው፤ ለባሕር ዳር ሸማች ምኑ ነው? ያው ሰው ነዋ! ሰሊጥ ያጨደው እጅ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደጋ ተመልሶ ጤፍ የሚያጭደው፣ ሩዝ የሚሰበስበው እጅ ነው። ይህ ቅብብሎሽ የሚሠራው መንገድ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ሲጀምር ለአጨዳ የወረዱ ሠራተኞች ገና ቆላው ላይ ነበሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም መንገድ በተዘጋ ቁጥር አንዱ ወረዳ ሥራ ፈት ወጣት ታቅፎ ሲቀመጥ ሌላው አጫጅ ያጣል። በዚህ ክልል መሬት አልባ ወጣት ሞልቷል። የጠፋው በዚያ ቀን፣ በዚያ ማሳ ላይ የሚቆም ሰው ነው፤ ስለ ጉልበት እጥረት የሚነገረው ብዙው ነገር ይህን ልዩነት ይዘለዋል።

ደቦና ወንፈል አሉ ይባል ይሆናል። አሉ። ነገር ግን የሁሉም ሰብል በአንድ ሳምንት ሲደርስ ማን ለማን ይሄዳል? ደቦ ደግሞ በባዶ እጅ አይጠራም፤ ጠላና እንጀራ ይፈልጋል፤ ጤፍ በተወደደ ዓመት ደቦውም ይወደዳል። ማሽኑም ቢሆን ሁሉን አይመልስም። ለስንዴ ኮምባይነር መከራየት እየተለመደ ነው፤ ጤፍ ግን ቀጭን ስለሆነ ይተኛል፣ ፍሬውም ደቃቅ ነው፣ አብዛኛው ዛሬም በማጭድ ይታጨዳል።

ከዚህ ሁሉ ሸሽቶ ማሳውን ባሕር ዛፍ ያለበሰ ገበሬ በመራዊ ዙሪያ ይታያል፤ በአዊ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ለከሰል የሚሆነው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ የእህሉን መሬት ወስዷል። ዋናው ምክንያት ገቢው ነው። ቢሆንም ዛፍ በየሳምንቱ አራሚ አይፈልግም፤ ዛሬ ካልተቆረጠም አይረግፍም። አልፈርድባቸውም። ለገበያው ግን ያ መሬት ከእህል ወጥቷል፤ የሚመለሰውም በቶሎ አይደለም።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት በሙቀት ምክንያት በ2030 ከዓለም የሥራ ሰዓት 2.2 በመቶው እንደሚባክን፣ ከዚህም 60 በመቶው ከግብርና እንደሚሆን ገምቷል። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክና የፖትስዳም የአየር ንብረት ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳሰሉት ደግሞ ሙቀቱ እ.ኤ.አ. በ2035 የምግብ ዋጋ ንረትን በየዓመቱ ከ0.9 እስከ 3.2 በመቶኛ ነጥብ ሊጨምረው ይችላል። ለእኛ ይህ ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት የኢትዮጵያ የምግብ ዋጋ ንረት 43.9 በመቶ ደርሶ ነበርና። ያንን ያመጣው ፀሐይ ብቻ አይደለም። ጦርነት፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ዋጋ፣ የብር መዳከም አሉበት፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግም ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ በብር ሲሰላ ተወድዷል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሽንኩርት ጭማሪ የአየር ንብረትን የሚከስስ ነጋዴ ሲገጥመኝ እጠራጠራለሁ። ሙቀቱ የሚሠራው ከእነዚህ ሥር ነው፤ የአጨዳውን ቀን ያሳጥራል፣ የሠራተኛውን ጉልበት ይቀንሳል፣ የውሃውን ተራ ያጣብባል። የቀረውን ስልቻ የሚሞላው መንገዱና ገንዘቡ ነው።

ከሁሉ ከባዱ ሸክም የቀን ሠራተኛው ላይ ይወድቃል። እሱ እህሉን የሚያጭድ፣ ግን ጎተራ የሌለው ሸማች ነው። በጥቅምት ያገኘው የተሻለ ክፍያ ክረምት ላይ፣ የእህል ዋጋ ከፍ በሚልበት ወቅት፣ አልቆ ይገኛል፤ ሐምሌ ሲመጣም ዳግም ወደ ቆላ ይወርዳል፣ የሚሄድበት መንገድ ከተከፈተለት።