ትልቅ ቍጥር ሁሉ ብርቱ አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ለሚበር ሞዴል አይሮፕላን ሞተርና ባትሪ ስለ መምረጥ

በአንድ የእሑድ ጧት፥ አንድ አባትና የዐሥራ አራት ዓመት ልጁ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ትንሽ አይሮፕላን ሲያበሩ እንድናይ ተጋብዘን፥ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ሰፊ መስክ ሄደን ነበር። ልጁ ፎሙን ቈርጦ፥ ክንፉን አጣብቆና ቀለም ቀብቶ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጅቶበታል። አይሮፕላኑ ከአባትየው እጅ ተወርውሮ ተነሣ፤ ዳሩ ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቈይ ከሆዱ ጢስ ወጣ፤ ሞተሩ ቆመ፤ አይሮፕላኑም በአፍንጫው ተተክሎ ወደቀ። ልጁ አላለቀሰም፤ ስብርባሪውን ለቃቅሞ ዝም ብሎ ቆመ። አባትየው ግን ወደ እኛ ዘወር ብሎ፥ «እንደው በሞቴ፥ ጥፋቱ የልጄ ነው ወይስ የዕቃው?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ሦስት ወር የደከመ ልጅ ስሕተቱ የት ላይ እንደ ሆነ ሳያውቅ ከቀረ ሁለተኛ ላይሞክር ይችላል፤ አባትም ገንዘቡ በከንቱ እንደ ወጣ ቈጥሮ ኪሱን ይዘጋል። ስለዚህ ስብርባሪውን በሣሩ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ መረመርነው። ክንፉ ቀና ነበር፤ ማጣበቂያው አልላቀቀም፤ የክብደቱም ሚዛን በቦታው ነበር። የተቃጠለው ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚመጥነው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነበር። ልጁ ዕቃ ሲገዛ 1000 የሚልና 2200 የሚል ሞተር ጎን ለጎን አይቶ፥ «ትልቁ ቍጥር ብርቱ ይሆናል» በማለት ሁለተኛውን መርጦ ኖሯል። ዳግመኛም፥ ትልቅ ውልብልቢት ብዙ ይስባል ብሎ ባለ 10 ኢንቹን ፕሮፔለር ገጠመበት። ሁለቱም ለየብቻቸው ደኅና ዕቃዎች ናቸው፤ አንድ ላይ ግን የሚስማሙ አልነበሩም።

የቍጥሩ ምስጢር

በሞተሩ ላይ «ኬ ቪ» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር የጕልበት መለኪያ አይደለም። ሞተሩ ምንም ሸክም ሳይኖርበት፥ ለያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚነግር ነው። ባለ 1000ው ሞተር 11.1 ቮልት ባለው ባትሪ ሲነዳ በደቂቃ 11,100 ጊዜ ያህል ለመዞር ይጥራል፤ ባለ 2200ው ደግሞ ከ24,000 በላይ ለመዞር ይጥራል። የኋለኛው የተሠራው ትንሽ ውልብልቢት በከፍተኛ ፍጥነት ለማዞር ነው። ትልቅ ውልብልቢት ቢገጠምበት፥ የተጫነ የጭነት መኪና በአራተኛ ማርሽ የእንጦጦን ዳገት ለመውጣት እንደሚታገል ይሆናል። መኪናው በዚህ ጊዜ ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አልጠፋም ብሎ ከባትሪው ያለ ልክ እየሳበ ራሱን ወይም መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል።

የውልብልቢቱም መጠን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በእኩል ፍጥነት ሲዞሩ፥ ባለ 11 ኢንቹ ከባለ 10 ኢንቹ የሚጠይቀው ኃይል በግማሽ ገደማ ይበልጣል። በዓይን ሲታይ ጥቂት የሚመስል ልዩነት መቆጣጠሪያውን ለማቃጠል ይበቃል ማለት ነው።

የዛሬዎቹ ልጆች ግን ከቀደሙት ይልቅ ዕድለኞች ናቸው። በኤሌክትሪክ ሞተር የተነዳና በራዲዮ የታዘዘ ሞዴል አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ተመዝግቦ የበረረው፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1957 በእንግሊዝ አገር ነው። ያበረሩትም ኮሎኔል ታፕሊን ሲሆኑ፥ ባትሪያቸው ከብርና ከዚንክ የተሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሠሪዎቹ በከባዱ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሲቸገሩ ቈይተዋል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ቀላሉ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪና ካርቦን ብሩሽ የሌለው ባለ ሦስት ሽቦ ሞተር ናቸው። ኃይሉ ስለ በዛ ግን ሒሳቡን መዘንጋት አደጋ የሚያስከትል ሆኗል።

ከክብደቱ ጀምሮ መቍጠር

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ ሞተሩን አስቀድሞ ገዝቶ አይሮፕላኑን በኋላ ለሞተሩ ማስማማት ኪሳራ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከአይሮፕላኑ ክብደት መነሣት ነው። ባትሪውንና ሞተሩን ጨምሮ፥ ለመብረር ሲሰናዳ ስንት ይመዝናል? ለጀማሪ የሚሆን አይሮፕላን ለያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ150 እስከ 200 ዋት ይበቃዋል። በአየር ላይ እንዲገለባበጥ የሚፈለግ ከ250 እስከ 300 ዋት ይፈልጋል። ረጅም ክንፍ ያለው ተንሳፋፊ ግን ከ100 እስከ 150 ዋት ቢያገኝ ይረካል።

የልጁ አይሮፕላን በሚዛን አንድ ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ 180 ዋት ይበቃዋል እንበል። ሦስት ሴል ያለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፥ እያንዳንዱ ሴል 3.7 ቮልት ስለ ሆነ፥ በጠቅላላው 11.1 ቮልት ይሰጣል። 180 ለ11.1 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከዚህ ቢያንስ በአንድ አራተኛ የሚበልጥ መቻል አለበት፤ ስለዚህ ባለ 25 ወይም ባለ 30 አምፔር ይመረጣል።

ቀጥሎ ሞተሩ ይመጣል። የሞተር ብርታት በአብዛኛው የሚታወቀው ሙቀቱን ችሎ ለመሥራት በሚያስችለው ክብደቱ ነው። ሞዴል ሠሪዎች እንደ ግምት የሚይዙት፥ አንድ ግራም የሞተር ክብደት ወደ 3 ዋት ያህል ይሸከማል የሚለውን ነው። ስለዚህ ለ180 ዋት 60 ግራም ገደማ የሚመዝን፥ ባለ 10 ኢንቹንም ውልብልቢት በ11.1 ቮልት ለማዞር 1000 አካባቢ የተጻፈበት ሞተር ተስማሚ ነው። ልጁ ትንሽ ነው ብሎ የተወው እርሱ መሆኑ ነው። ከመግዛት በፊት ፋብሪካው ለሞተሩ ያወጣውን የውልብልቢት ሰንጠረዥ መመልከት፥ ከገዙም በኋላ ሞተሩን በመሬት ላይ አጥብቆ አስሮ በዋት ሜትር መለካት ይገባል። በዚህ ጊዜ ማንም ከውልብልቢቱ ፊትም ሆነ ጎን አይቁም፤ ይህ ዓይነቱ ሞተር ጣት ቢነካው የሚቆም አይደለምና። ሽቦ ሲሞከርና ራዲዮው ሲስተካከል ደግሞ ውልብልቢቱን ፈትቶ ማስቀመጥ ነው።

በመጨረሻ ባትሪው ነው። 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ 2.2 አምፔር ለአንድ ሰዓት ሊሰጥ የሚችል ነው። በላዩ ላይ 25 «ሲ» ቢጻፍ፥ 2.2 በ25 ተባዝቶ 55 አምፔር መስጠት ይችላል ማለት ነው። ነጋዴዎች ይህን ቍጥር ማጋነን ስለሚወዱ፥ ከሚፈለገው እጥፍ የሚሆነውን መምረጥ ብልኅነት ነው፤ ለ16 አምፔር ግን 55ቱ ተርፎ ይበቃል። በበረራም ከባትሪው ከመቶ 80 እጁን ብቻ መጠቀም ይገባል። በአማካይ 10 አምፔር ቢስብ ዐሥር ደቂቃ ተኩል ያህል ይበራል። ረጅም ጊዜ እንዲበር ብሎ እጥፍ ባትሪ መጫን ግን አይጠቅምም፤ ክብደቱ ሲጨምር ሒሳቡ ሁሉ ከራሱ ይጀምራልና።

ስለ አገራችን ከፍታ

ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ለመተንፈስ አየር አይፈልግም፤ ውልብልቢቱ ግን የሚገፋው አየር ያንሰዋል፤ አይሮፕላኑም ለማረፍ ከወትሮው ፈጠን ብሎ መምጣት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ እዚህ ከፋብሪካው ሰንጠረዥ በጥቂት የሚበልጥ ውልብልቢት እየለኩ መግጠም ይቻላል። ዳሩ ግን ያንኑ አይሮፕላን ወደ ድሬ ዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ ይዞ የሚሄድ ሰው፥ ትንሹን ውልብልቢት መልሶ ይግጠም። በባሕር ጠረፍ ያው ውልብልቢት የሚጠይቀው ኃይል እስከ አንድ አራተኛ ሊጨምር ይችላል፤ በዚያ ላይ ቈላው ሞቃት ስለ ሆነ መቆጣጠሪያው ቶሎ አይበርድም።

ለእናቶችና ለአባቶች

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቤተ ሰብ የሚጠነቀቅበት ነገር የባትሪው እሳት ነው። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ያለ ልክ ቢሞላ፥ ቢወጋ፥ ወይም ሽቦዎቹ ቢገናኙ በብርቱ ነበልባል ሊቃጠል ይችላል። አንዱ ሴል ሲሞላ ከ4.2 ቮልት እንዳያልፍ፥ ሲያልቅም ከ3 ቮልት እንዳይወርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሴል አመዛዝኖ የሚሞላ መሣሪያ ግዴታ ነው፤ ባለ 2200ውንም በ2.2 አምፔር መሙላት ይበቃል። ሲሞላ በሲሚንቶ ወለል ወይም በደረቅ አሸዋ ላይ ይቀመጥ፤ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ይራቅ፤ ትልቅ ሰውም አጠገቡ ይኑር። ልጅ ተኝቶ ሳለ በመኝታ ቤት ባትሪ መሙላት ከቶ አይፈቀድ። ለብዙ ቀን የማይሠራበት ከሆነ እያንዳንዱ ሴል በ3.8 ቮልት ገደማ ሆኖ ይቀመጥ። ያበጠ ባትሪ፥ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፥ ዳግመኛ አይሞላም፤ አይወጋምም።

በውጭ አገር ያለ ዘመድ ባትሪ እንዲያመጣ የሚያዝዝም ይህን ይወቅ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ ከአይሮፕላኑ ጭነት ጋር አይገባም፤ ጫፎቹም እንዳይነካኩ ይሸፈናሉ። ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የልጁ ዓይነት ባትሪ 24 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ ችግር የለበትም። ሞዴሉንም ከማብረር አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ፥ ከአይሮፕላን ማረፊያና ሰው ከሚበዛበት ስፍራ መራቅ የሁሉም ግዴታ ነው።

ለአባትየው የሰጠነው መልስ፥ «ጥፋቱ የልጅዎ እጅም የዕቃውም አይደለም፤ ሳይቈጠር የቀረ ሒሳብ ነው» የሚል ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ቍጥሮቹን በካርቶን ቍራጭ ላይ ጻፈ። ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደ ገና ጠሩን። ክንፉ ተጠግኖ፥ ባለ 1000ው ሞተር ተገጥሞ፥ ካርቶኑም በመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ላይ ተለጥፎ አገኘነው። አይሮፕላኑ በመስኩ ላይ ሲዞር ዘጠኝ ደቂቃ ቈየ። ያን ጊዜ የልጁ ሰዓት ጮኸ። አባትየው «ገና ኃይል አለው፤ አንድ ዙር ጨምርልን እንጂ» ቢለው፥ ልጁ «አይሆንም አባባ፥ ከመቶ ሃያው ለባትሪው ነው» ብሎ በቀስታ አሳረፈው።