ሰባት ዓመት የሞላው ልጃችንና የሐይቅ ጫጩት

በውጭ አገር ልጆች እንስሳትን እየዳሰሱና እየመገቡ የሚማሩባቸው መናፈሻዎች አሉ። እኛም ልጃችን ሰባት ዓመት በሞላው ዕለት ቤተሰባችንን ይዘን ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ወረድን። ሰባት ዓመት ልጅ በሶላት የሚታዘዝበት ዕድሜ ነውና፣ ቀኑን ከኬክና ከሻማ ይልቅ በአላህ ፍጥረት መካከል ልናሳልፈው ወደድን።

ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ይበልጣል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰው እጅ የገባበት መሆኑን ስንነግራቸው ልጆቹ ተደነቁ። የሰው እጅ ለሐይቁ ይጨምራል፤ ያጎድልበትማል።

ጥቂት ቆይቶ ልጃችን ከፊላው መሐል የዳክዬ ጫጩት ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አባ፣ ቤት ወስጄ ላሳድጋት!»

እናቲቱ ውሃው ላይ እየጮኸች ትዞራለች። ቀኑ የእሱ ነውና እሺ ልንለው ምንም አልቀረንም ነበር። ኋላ ግን አቡ ዳውድ የዘገቡትን ታሪክ አጫወትነው። ሶሓቦች በመንገድ ላይ የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን ወሰዱ፤ እናቲቱም ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ባዩ ጊዜ ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዘዙ።

ልጃችን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሆኖም ጫጩቷን በሁለት እጁ ይዞ ሄደና ከፊላው ሥር አስቀመጣት። እናቲቱ እስክትደርስላት ድረስ ራቅ ብለን ጠበቅን።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችንን ወደ ሐይቁ እንውሰዳቸው፤ ይንኩ፣ ይወቁ። መልሶ መልቀቅንም አብረን እናስተምራቸው። እዝነት የሚለመደው በልጅነት ነውና።